ቱርኮች ደጋ ወጥተው ነበር፤ ስንቃቸው ግን አልወጣም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአንድ ወጣት መምህር የመጣ ነው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የደጋ ከተማ የ11ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ኦቶማን ቱርኮች ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ‹ቱርኮች ምጽዋን ሦስት መቶ ዓመት ይዘው ለምን ወደ ደጋ አልወጡም?› አለችኝ። ‹ጀግኖች አባቶቻችን አላስወጧቸውም› አልኳት። ‹ታዲያ እነዚያ ጀግኖች ለምን ወርደው ምጽዋን አልወሰዱም?› ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተናደድኩና አስወጣኋት። ሻይ ሰዓት ላይ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው በዕድሜ የሚበልጠኝ ‹ደግ አደረግህ፤ ስለ ንዳድና ስለ ተራራ ማውራት ከጀመርክ ጀግናውን አሳነስከው ማለት ነው› አለኝ። የጂኦግራፊው መምህር ደግሞ ‹ምን ጀግንነት አለ? ሁሉም የመሬት አቀማመጥ ሥራ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ምን ብዬ ላስተምር? እሷንስ ምን ልበላት?»

ልጄ ልበልህ። አራት ዓመት ጠመኔ ለያዘ ሰው «ልጄ» ትንሽ ይከብዳል፤ ግን እኔ ጡረታ ከወጣሁ እንኳ ከዚያ በላይ ሆኖኛል።

ከልጅቷ ሁለት ጥያቄዎች የመጀመሪያው ስህተት አለበት። ስህተቱ የእሷ አይደለም፤ እኛ እንዲያ ብለን ስላስተማርናት ነው። ቱርኮች ደጋ ወጥተዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሱልጣኑ ለኦዝደሚር ፓሻ የ«ሐበሽ» አውራጃን ሹመት የሰጠው በ1555 ነው፤ ያኔ አውራጃው ገና በእጁ አልገባም፣ ሹመቱ ከአገሩ ቀደመ። ምጽዋን የያዘው በ1557 ነው። ብዙ ሳይቆይ አቀበቱን ወጥቶ የባሕረ ነጋሹ፣ ማለትም የሰሜኑ የባሕር በር አገር ገዢ፣ መቀመጫ በሆነችው ድባርዋ ላይ ምሽግ ሠራ። አልበረከተለትም። ቀጥሎ ከንጉሡ የተጣላው ባሕረ ነጋሽ ይስሐቅ ራሱ ወዳጅ አደረጋቸውና እንደገና ወጡ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ መጨረሻ ይስሐቅንም የዚያን ጊዜውን የቱርክ ፓሻም ድል አደረገ፤ ሁለቱም በዚያው ዘመቻ ሞቱ። አሁንም አልተዉትም። በ1580ዎቹ ሌላ ሙከራ አድርገው፣ አሁንም ተገፍተው ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይታረም፦ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደጋግመው ወጥተው ለምን መቆየት አቃታቸው? ሁለተኛው ጥያቄዋ፣ ያ ክፍሉን ያሳቀው፣ እርማት አያስፈልገውም። ከመጀመሪያውም የተሻለ ነው፤ አንተን ያስቆጣህም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ ስለ ንጉሡ ባሕርይ ከማውራቴ በፊት ስለ ስንቁ እጠይቃለሁ። ሠራዊቱ ምን በላ? በምን ተጫነ? በየትኛው ወር ተነሣ? የዚያን ዘመን ታላላቅ መንግሥታት በካርታ ላይ ብቻ ያየ ሰው በአንድ ቀለም የተቀባ ሰፊ ምድር ያያል። በስንቅ ዓይን ሲታዩ ግን እዚህ ጎተራ፣ እዚያ ጫካ፣ በመሃል የግመል መንገድ ናቸው።

ኢስታንቡልን ውሰድ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነበራት፤ ዙሪያዋ ቢታረስ ራሷን አትመግብም። እህሏ በመርከብ ይመጣል፦ ከጥቁር ባሕር ጠረፍ፣ ከዳኑብ ወንዝ ወገን፣ ሱልጣን ሰሊም በ1517 ግብፅን ከያዘ ወዲህ ደግሞ ከግብፅ። ለመካና ለመዲና የሚላከው እህልም ከዚያው ይወጣ ነበር። የዚህ ሁሉ ጎተራ ቁልፍ ካይሮ አጠገብ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ የቆመ የድንጋይ ዓምድ ነው፤ የአባይን ከፍታ የሚለኩበት። ውሃው 16 ክንድ ሲሞላ ቦዩ በሆታ ይከፈታል። ካልሞላ ገበሬውን ግብር ለመጠየቅ ፊት የለም። ያ ሙላት ከየት እንደሚመጣ ለአንተ አልነግርህም። በጎርፉ ወራት ከአባይ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው ከእኛው ደጋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሚዘንበው ዝናብ ነው። ይህችን ነገር ያዛት፤ እመለስባታለሁ።

እህሉ ሞልቶ እንጨት ግን ጠፋ። ግብፅ የተምር ዛፍ አላት እንጂ የመርከብ ወገብ የሚሆን ግንድ የላትም። ስለዚህ ቱርኮች በቀይ ባሕር መርከብ ሲፈልጉ ግንዱ ከአናቶሊያ ደቡብ ተራሮች ይቆረጣል፣ በሜዲትራንያን ወደ እስክንድርያ ይሻገራል፣ በአባይ ጀልባ ወደ ካይሮ ይወጣል፣ ከዚያ በግመል ጀርባ በረሃውን አቋርጦ ስዊዝ ይደርሳል። በ1538 ወደ ሕንድ ጠረፍ፣ እስከ ዲዩ የሄዱት ሰባ ያህል መርከቦች ከዚያ ነው የተነሡት፤ እያንዳንዱ ሳንቃ በግመል የመጣ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ከሜዲትራንያን ጋር አነጻጽረው። በ1571 በግሪክ ጠረፍ፣ ሌፓንቶ ላይ በተደረገው የባሕር ውጊያ መርከቦቻቸው በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሲያልቁ፣ በአንድ የብርድ ወቅት ውስጥ ከመቶ ሃምሳ የማያንሱ የጦር መርከቦች ሠርተው በቀጣዩ ዓመት ባሕር ላይ ታዩ። ያው መንግሥት ነው፣ ያው ግምጃ ቤት ነው። እዚያ ጫካው ከውሃው ዳር ነበር፤ ስዊዝ ላይ ግን ባሕርና በረሃ በመሃል ገባ። በ1568 ከኢስታንቡል ለግብፁ ገዢ ቦይ መቆፈር ይቻል እንደሆነ እንዲያስጠና ትዕዛዝ መላኩም ከዚሁ ችግር የመጣ ነው። ቦዩ ሳይቆፈር ቀረ።

ሠራዊቱም ቀጠሮ ነበረው። የቱርክ ጦር የሚነሣው ፈረሱ የሚግጠው ሣር ሲበቅል፣ በጊዮርጊስ በዓል ሰሞን ነው። (እነሱ በራሳቸው ስም ያከብሩታል፤ ከእኛ ሚያዝያ 23 በጥቂት ቀናት ብቻ ይለያል።) የሚበተነው በጥቅምት ማለቂያ ነው። በ1529 ሱልጣን ሱለይማን በግንቦት ከኢስታንቡል ተነሣ። ያ ዓመት ዝናቡ ልክ አጣ። ወንዞች ሞሉ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ ከባድ መድፎች ጭቃ ውስጥ ቀሩ፤ ቪየና ሥር ሲደርስ መስከረም አልቆ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በረዶ እየቀደመው ተመለሰ። ቪየናን የተከላከሉት ሰዎች ብርቱዎች ነበሩ፣ ሐሰት የለውም። ግን ከግንብ ሆነው የጠበቁት ሦስት ሳምንት ብቻ የቀረውን ጦር ነው።

አሁን ወደ ድባርዋ እንውጣ።

ከምጽዋ ተነሥተህ በጥቂት ቀን መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ዳገቱን ግን እንተወው፤ ዳገት የማይወጣ ጦር የለም። ከባዱ ነገር ታችና ላይ ያሉት አገሮች በአንድ ዝናብ አለመኖራቸው ነው። ደጋው ክረምቱን ሲዘንብበት ባሕሩ ዳር ይቃጠላል፤ ባሕሩ ዳር ያችን ጥቂት ዝናቡን የሚያገኘው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ፣ ደጋው ሲደርቅ ነው። የአገሩ ከብት አርቢ ይህን ስለሚያውቅ ከብቱን እየነዳ ከዝናብ ወደ ዝናብ ይወጣል ይወርዳል። ምሽግ ግን አይወርድም አይወጣም። ምጽዋ ራሷ ደሴት ናት፤ የምትጠጣው ውሃ እንኳ ከየብሱ፣ ከሕርጊጎ ጉድጓዶች በጀልባ ይመጣላት ነበር።

የያዝካትን ነገር አሁን አውጣት። ያ ሰኔ የሚጀምረው ዝናብ አባይን ሞልቶ፣ ግብፅን አርሶ፣ ኢስታንቡልን ያበላል። ያው ዝናብ ድባርዋ ላይ መንገዱን ያጠፋል፣ የጠመንጃውን መለኮሻ ክር ያረጥባል፣ ምሽጉን ከባሕሩ ይቆርጠዋል። ሱልጣኑን በአንድ እጁ የሚያጎርሰው ክረምት በሌላው እጁ በሩን ይዘጋበት ነበር። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ሰኔ በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ቱርኮች ብቻም አይደሉም። በ1541 በምጽዋ በኩል የገቡት አራት መቶ ፖርቱጋሎችም ድባርዋ ደርሰው ክረምቱን እዚያው ቁጭ አሉ፤ ጉዟቸውን የቀጠሉት ታኅሣሥ ላይ ነው።

ድባርዋ ላይ የተቀመጠ ጦር ከታች ካልተሰነቀለት ከገበሬው ጎተራ መብላት አለበት። ከገበሬው ለመብላት ደግሞ ወይ የገበሬው ጌታ ይፈቅዳል፣ ወይ በየቀኑ ውጊያ አለ። እስቲ የቱርኮቹን መውጣትና መውረድ ከይስሐቅ ወዳጅነትና ጠላትነት ጎን ለጎን አስቀምጠው። ሲታረቃቸው ደጋ ላይ ይሰነብታሉ፤ እሱ የማይፈልጋቸው ጊዜ ወይም እሱ ራሱ የጠፋ ጊዜ ይወርዳሉ። ይስሐቅ ለእነሱ አጋር ብቻ አልነበረም፤ ጎተራም ነበር።

የልጅቷ ሁለተኛ ጥያቄ መልስም እዚሁ አጠገብ ነው። የሠርፀ ድንግል ጦር እስከ ሕርጊጎ ወርዷል፤ ደሴቷ ግን በቱርክ እጅ ቀረች። የእኛ ሠራዊት እንዴት ይኖር እንደነበር አስብ። በቅሎና አህያ ይነዳል፣ ወፍጮና ድስት የያዙ ሴቶች ይከተሉታል፣ በሰፈረበት አገር ይበላል። ንጉሡ ራሱ ቋሚ ከተማ አልነበረውም። ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ውስጥ የቆዩት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያዩት የድንኳን ከተማ ነው፤ የአካባቢው እህልና ማገዶ ሲመናመን ተነቅሎ የሚሄድ። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እንዲህ ያለ ሠራዊት የገበሬ ጎተራ በሌለበት፣ ሣር በሌለበት፣ ውሃ በጀልባ በሚመጣበት ባሕር ዳር ስንት ቀን ይሰፍራል? ለዚያውም መርከብ ሳይኖረው።

ስለዚህ ሁለቱም መንግሥታት ቁልቁለቱ ላይ ተፋጠው ቆሙ። ቱርኮቹ የሚያዋጣቸውን አዩና የምጽዋን ቀረጥ እየሰበሰቡ፣ አስተዳደሩን ቀስ በቀስ ናይብ ለሚባል የሕርጊጎ ባላባት ተዉለት። ጥቂት ወታደር፣ ትንሽ ወጪ። ተማሪዎችህ «ሦስት መቶ ዓመት ያዙ» የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን ታላቅ ባልደረባህ። ቃሉን አልንቀውም፤ የፈራው ነገር ይገባኛል። ግን ንገረው፦ ተራራው ብቻውን ማንንም አላባረረም፤ ኦዝደሚር ወጥቶታል'ኮ! በኋላ የመጣውን ፓሻ የገደለው ሰው ነው። መሬቱ ያደረገው የአንድ ቀን ድል ለዓመታት እንዲበቃ ማድረጉ ነው። ድባርዋ ላይ የወደቀን መድፈኛ ለመተካት ሰው ከግብፅ መምጣት አለበት፣ መርከቡ ነፋስ መጠበቅ አለበት፣ አቀበቱ በጋ መጠበቅ አለበት። የሠርፀ ድንግል ብልህነት ይህን ማወቁ ላይ ከሆነ፣ ስንቁን ሳታስተምር እንዴት ልታሳየው ነው? «ጀግና ነበሩ» ብለህ ብቻ ስታልፍ እኮ ያደረጉትን ነገር ደብቀህ ስማቸውን ብቻ ጠራህ።

የጂኦግራፊው ባልደረባህን ደግሞ ወደ አናቶሊያ ላከው። በ1590ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የወረደው ድርቅ ለዓመታት የዘለቀ ነበር፤ የዛፍ ቀለበት ቆጥረው ያጠኑ ሰዎች በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋው ነው ይሉታል። ብርዱ ከወትሮው በረታ፣ በሽታ በጉንና በሬውን ፈጀ። በዚሁ ላይ በ1593 ከኦስትሪያ ገዢዎች ከሐፕስቡርጎች ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ ጦር ደግሞ ሥጋ ይበላል። ቤተ መንግሥቱ ለሠራዊቱ በግ ይሰብሰብ ብሎ ካዘዘባቸው አገሮች አንዱ ይኸው የተራበው የካራማን አውራጃ ነበር። ሕዝቡ ሸፈተ። ጀላሊ የሚባሉት ሽፍቶች ከተማ እስከ መያዝ ደረሱ፤ ገበሬው መንደሩን እየጣለ ጠፋ። ቱርኮች ያን ዘመን «ታላቁ ሽሽት» ይሉታል። ድርቁ ከሰማይ መጣ፣ እሺ። በጉን የጠየቀው ግን በብዕር የጻፈ ጸሐፊ ነው፤ «ዘንድሮ ከዚህ አገር አይሰብሰብ» ብሎ መጻፍም ይችል ነበር። የመሬት አቀማመጥ ይህን ትእዛዝ አልጻፈም።

ጎበዝ ተማሪዎች ካሉህ ሩሲያንም ስጣቸው፤ እሷ ደግሞ የተገላቢጦሹ ናት። በ1580ዎቹ መጀመሪያ ኡራልን የተሻገሩ ኮሳኮች በ1639 ፓሲፊክ ባሕር ዳር ደርሰዋል። ወደፊት የሳባቸው ሳብል የምትባል ትንሽ ባለ ውድ ጠጉር አውሬ ናት። አንዱን ወንዝ አድነው ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ፤ ግብሩም የሚከፈለው በዚያው ጠጉር ነው። አገር የሰፋው አውሬው እያለቀ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምርልህና ወደ ልጅቷ እንሂድ። በ1570ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሲስኮ ባሬቶ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሙታፓ የሚባለውን የደቡባዊ አፍሪካ መንግሥት ወርቅ ፍለጋ በዛምቤዚ ወንዝ ዘምቶ ሴና ላይ ሰፈረ። ፈረሶቹ መሞት ጀመሩ። ሰዎቹም በንዳድ ይረግፉ ገባ። የፈረሶቹን በሽታ የምታመጣው የቆላ ዝንብ መሆኗን፣ ንዳዱንም የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያኔ ማንም አያውቅም። እነሱ ግን መልስ ያስፈልጋቸው ነበርና «የአገሩ ሙስሊም ነጋዴዎች መርዘውን ነው» ብለው ነጋዴዎቹን በግፍ ፈጇቸው። ፈረሶቹ መሞታቸውን ቀጠሉ፤ ባሬቶም ራሱ በዚያው ምድር በሕመም ሞተ።

ይህን ያመጣሁት ለዘለፋ አይደለም፤ ደብዳቤህን ሳነብ ግን እሱ ትዝ አለኝ። የማታውቀው ነገር ገጠመህና መልስ አጣህ፤ በአቅራቢያህ ያገኘሃት አንዲት ልጅ ነበረች። እኔም አስወጥቻለሁ፣ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ፤ በኔ ዘመን ደግሞ አስወጥቶ ዝም ማለት አልነበረም፣ ወላጅ ማስጠራት ነበር።

ሰኞ ክፍል ስትገባ ለብቻዋ ጠርተህ ይቅርታ አትጠይቃት። የተሳቀባት ሁሉም ፊት ነው። ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጻፍ፣ የጠየቀችው እሷ መሆኗን ተናገር፣ ያን ቀን የሚመልስ ነገር ስላልነበረህ እንዳስወጣሃት ንገራቸው። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ድጋሚ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ በአንተ ነው የሚስቁት፣ ትችለዋለህ። ወዲያው እጇን ታወጣለች ብለህ ግን አትጠብቅ፣ እንድታወጣም ዓይን ዓይኗን አትያት።

ቀጥሎ ንግግር አታብዛ፤ ሒሳብ ስጣቸው። ሺህ ወታደር አለ እንበል፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል፣ ለሠላሳ ቀን። አንድ አህያ ሃምሳ ኪሎ ይጭናል ብለን እንውሰድ። ስንት አህያ? ከዚያ በየቡድኑ ተከፋፍለው ይከራከሩበት፦ አህዮቹ መንገድ ላይ ምን ይግጣሉ? ቁልቁለቱ ላይ ሣር ያለው በየትኛው ወር ነው? ውሃስ? በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ እያሉ አያቶቻቸው ለመንገድ ምን ይሰንቁ እንደነበር ቤት ጠይቀው ይምጡ፤ እህል በጥሬው መጫንና ተቆልቶ ተፈጭቶ መጫን አንድ አይደለምና ሒሳቡ ይቀየራል። የጂኦግራፊውን መምህር ለዚያ ክፍለ ጊዜ ጋብዘው፤ የዝናቡን ካርታ እሱ ያምጣ። ታላቅ ባልደረባህንም ጋብዘው፤ ስለ ሠርፀ ድንግል ከአንተ የበለጠ ሳያውቅ አይቀርም።

መልሱን ግን ቀድመህ አትንገራቸው። እኔ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ወረቀት ላይ ሠርቼው ስድስት መቶ አህያ ብዬ ቆሜ ነበር። አጠገቤ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችና «ነጂዎቹስ ምን ይበላሉ?» አለችኝ። እስካሁን አልጨረስኩትም። ልጆቹ ስንት ላይ እንደደረሱ ጻፍልኝ።